አሸዋ የምትጠርገው አክስቴ

አክስቴ ሥራዋ አሸዋ መጥረግ ነው። ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል፤ እሷም አብራ ትስቃለች። በዱር እንስሳት መጠለያው ውስጥ፣ ግራር የከበበው አንድ ኩሬ አለ። ጀንበር ስታዘቀዝቅ የኩሬውን ዳር በቅጠል ጠርጋ እንደ አንሶላ ታስተካክለዋለች። ጠዋት ተመልሳ ጎንበስ ትልና ማን ጠጥቶ እንደሄደ ከዱካው ታነባለች፤ ሳላ፣ ሰጎን፣ ጃርት፣ ቀበሮ። ያየችውን መዝገብ ላይ ታሰፍራለች። በሃያ ሁለት ዓመት ወገቧ ቢጎብጥም ምላሷ ቀጥ እንዳለ ነው።

አዲሱ ኃላፊ በመጣ በሳምንቱ አስጠራት።

«እማማ፣ በረሃ ይጠረጋል እንዴ? ከሰኞ ጀምሮ ቢሮ ያጽዱ።»

«ጌታው፣ ቢሮ የሚጠረገው እንዲጸዳ ነው። የእኔ የሚጠረገው እንዲረገጥ ነው።»

አልገባውም። አክስቴ የዚያን ቀን እራቷን ሳትነካ ተኛች። እሷን ለሚያውቅ፣ ከዚህ የባሰ ለቅሶ የለም።

እሁድ ጠዋት፣ ለመጨረሻ ጊዜ ብላ ይዛኝ ሄደች። ኩሬው ጋ እንደደረስን ቆም አለች።

«ይሄን እኔ አልጠረግኩትም።»

ጎንበስ ብላ ቁጥቋጦውን ዞረች፤ አንዱን ግራር ቀና ብላ አየች፤ ከዚያ አፏን በነጠላዋ ይዛ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። በቀጥታ ወደ ኃላፊው ቤት ሄድን።

«ትናንት ኩሬው ጋ መጥተው ነበር» አለችው።

«እኔ? በፍጹም!»

«ጫማዎ ሹል ነው። መጀመሪያ ቀስ ብለው ሲራመዱ ነበር፤ ኋላ ሲሮጡ በጣትዎ ብቻ ነው የረገጡት። ከርከሮ ከሁለት ግልገሎቿ ጋር አባረረችዎት። ግራሩ ላይ ወጡ። ሲወርዱ ዱካዎን ጠረጉት፤ ግን እንደ ሳሎን መሃል መሃሉን ብቻ። ቁጥቋጦው ጀርባ ያለውን ረሱት።»

ኃላፊው እሾህ የቧጨረውን እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። እኔ ሳቄን ለመዋጥ ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ።

«ግልገሉ ግን አንድ ነው» አለ በመጨረሻ። «ዛፍ ላይ ሆኜ ደህና አድርጌ አይቻለሁ።»

«ሁለተኛው ከእናቱ ሆድ ሥር ገብቶ ነው ያላዩት።»

ያኔ ሳቁ አመለጠው። የዝውውሩን ደብዳቤ ከመሳቢያ አወጣና ለሁለት ቀደደው።

«ባሉበት ይቀጥሉ፣ እማማ። ብቻ የእኔን ነገር መዝገቡ ላይ…»

«ያየሁትን ሳልጽፍ ቀርቼ አላውቅም።»

ጻፈችም፦ «ከርከሮ ሦስት፣ ሰው አንድ። ሁሉም ጤነኞች ናቸው።»