አንድም

የትናየት መጽሐፍ የምታነበው እየጮኸች ነው። ጎረቤት ይሰማኛል ብላ አታፍርም፤ ድምጿ ግድግዳውን አልፎ ግቢውን ይሞላዋል። የአስራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ናት። ግማሽ ቀን በእግር ከሚያስኬድ ገጠር ወደ ንፋስ መውጫ ከተማ መጥታ፣ በወይዘሮ እመቤት ግቢ ጥግ በምትገኝ አንዲት ክፍል ትኖራለች። አባቷ አቶ ፈንታው በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ስንቋን በአህያ ጭነው ያመጡላታል።

ዘንድሮ ግን አንዲት ቃል መጥታ ሰላሟን ነሳቻት። አምና ከትምህርት ቤቷ ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ከተቀመጡት ልጆች አንድም አላለፈም። ወፍጮ ቤቱ፣ ባጃጁ፣ ለቅሶ ቤቱ ሳይቀር ቃሏን ተቀባበላት፤ "አንድም! አንድም!" ወሬው ገጠር ደረሰና አቶ ፈንታው ጥር ላይ መጥተው ቁርጡን ነገሯት።

"ያ ሁሉ ልጅ ተምሮ አንድም ካላለፈ፣ አንቺን እዚህ ብርድ ላይ ማንገላታት ደግ አይዶለም። ፋሲካ ሲደርስ ዕቃሽን ጭነን እንሄዳለን።"

የትናየት እስኪሄዱ ጠብቃ አለቀሰች። ከዚያ ባዮሎጂዋን ገለጠችና ከበፊቱ ይበልጥ ትጮኽ ጀመር፤ መጽሐፉን ከዳር እዳር ከሸመደደችው አባቷ የሚራሩላት ይመስል።

ከግድግዳው ወዲያ የወይዘሮ እመቤት አባት፣ የኔታ ቀለመ ወርቅ፣ ፀሐይ እየሞቁ ይውላሉ። ድጓውን ቤተ ልሔም ተምረው፣ የመጻሕፍት ትርጓሜውንም አገር ለአገር ዞረው ያጠኑ፣ ስንቱን ያስተማሩ ሰው ናቸው። ዓይናቸው ከጠፋ ስምንት ዓመት ሆኗል። ጆሯቸው ግን የዓይናቸውንም ሥራ ደርቦ ይሠራል።

አንድ ቀን ከሰዓት የትናየት መጽሐፏን ከድና፣ ዓይኗን ጨፍና "ኢንዛይምስ አር ባዮሎጂካል ካታሊስትስ..." አለችና ቀጥ አለች። ደግማ ሞከረች፤ የሚቀጥለው ቃል አልመጣ አለ።

"ስፒድ አፕ" አለ ከወዲያ የሽማግሌ ድምፅ። "ስፒድ አፕ ኬሚካል ሪአክሽንስ። ትናንትም የወደቅሽው እዚችው ላይ ነው።"

ዘላ ወጣች። "የኔታ! እንግሊዝኛ ያውቃሉ እንዴ?"

"ምኑን አውቄ! ሦስት ቀን ሙሉ ስትጮኺ በቃሌ ገባ እንጂ።" ፊታቸውን ወደ ድምጿ መለሱ። "ንባቡንስ ያዝሁት፤ ትርጓሜው ምንድን ነው?"

የትናየት አፏን ከፈተች። "ኢንዛይም ማለት... ባዮሎጂካል ካታሊስት ነው፣ የኔታ።"

"ያንኑ መልሰሽ ነገርሽኝ እኮ!" ከልባቸው ሳቁ። "ገና ንባብ ቤት ነሽ፣ ልጄ። እኛ ዘንድ መምህሩ ቃሉን ያነብና ይፈታዋል። ከዚያ 'አንድም' ይልና በሌላ መንገድ ይፈታዋል። ደግሞ 'አንድም' ይላል።"

"ይችን ቃልስ አይጥሩብኝ፣ የኔታ" ብላ የአምናውን ውጤትም፣ የአባቷን ቁርጥም ዘረገፈችላቸው።

"አንድም ያለ መምህርማ" አሉ ሰምተዋት ሲያበቁ፣ "ነገሩን ገና አልጨረሰም።"

ከዚያ ወዲያ ጩኸቱ ቀነሰ። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ያነበበችውን በአማርኛ ፈትታ ልታስረዳቸው ትቀመጣለች። ካልገባቸው "አንድም?" ይሏታል፤ እሷም ሌላ መንገድ ትፈልጋለች። አልሆን ሲላት በማግሥቱ መምህሯን ትጠይቃለች። አንዳንዴ ትናደዳለች። የኔታ ግን ሳይገባቸው የገባቸው መስለው አያውቁም፤ የትናየትም የወደደችላቸው ይህንኑ ነው።

የሆሣዕና ዋዜማ ቅዳሜ አቶ ፈንታው መጡ። ዛሬ ስንቅ አልያዙም፤ የያዙት ገመድ ነው። አህያዋን ከጎረቤታቸው ከደምሌ ጋር በር ላይ ትተው ገቡ። ግቢው ውስጥ ወይዘሮ እመቤት ለፋሲካ ጠላ ያዘጋጁት ብቅል ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል።

"ፈንታው፣ ከመጫንህ በፊት ተቀመጥ" አሉ የኔታ። "ልጅህ ትርጓሜ ትንገርህ።"

የትናየት ወደ ብቅሉ ጎንበስ ብላ አንድ ፍሬ አነሳችና ለአባቷ ሰጠቻቸው። አኘኩት።

"ይጣፍጣል አይደል? ጥሬ ገብስ እንዲህ አይጣፍጥም። ገብሱ ተነክሮ ሲጎነቁል ውስጡ ያለው ኢንዛይም የሚባል ነገር ይነቃል፤ ዱቄቱን ወደ ስኳር ይለውጠዋል። አንድም፣ ለውጡን ያፋጥነዋል እንጂ እሱ ራሱ አያልቅም፤ አንዱን ለውጦ ወደ ሌላው ይሄዳል።"

አቶ ፈንታው ገመዱን እያሻሹ ቆዩ። ገበሬ ናቸው፤ ብቅልን ከሷ የበለጠ ያውቁታል።

"እና እናትሽ በሐምሌ ጋኑን በጋቢ የምትጠቀልለው..." አሉ ቀስ ብለው፣ "ይኸ ያልሽው ነገር ብርድ አይወድም ማለት ነው?"

የትናየት እንባዋ መጣ። መጽሐፉ ቀጥሎ የሚያነሳው ይህንኑ ነበር፤ አባቷ ሳያነቡት ደረሱበት።

"አዎ አባየ! ሲበርደው ይሰንፋል። አንድም፣ ከመጠን በላይ ሲሞቀው ይበላሻል።"

"እናትሽ ይችን ብትሰማ" አሉና ፈገግ አሉ። ከተቀመጡበት ተነሡ። ገመዱን ጠቅልለው ትከሻቸው ላይ ጣሉት፤ የየኔታን እጅ ሳሙ፤ እሷን ግንባሯን ስመው ወጡ።

ከበሩ ውስጥ ቆማ ደምሌ ሲጠይቃቸው ሰማች።

"ምነው ባዶዋን አህያ? ልጅቱስ?"

"ትማራለች።"

"አይ ፈንታው! አምና ስንት ልጅ አለፈ ነው ያሉት?"

"አንድም አላለፈም" አሉ አቶ ፈንታው። አህያዋን መታ አድርገው ጥቂት ከተራመዱ በኋላ ጨመሩ። "አንድም፣ የኔ ልጅ ታልፍ ይሆናል።"