የሱሉልታ ሁለት ምስክሮቼ

ባለፈው ሳምንት ሐኪሙ የግራ እግሬን ራጅ ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጎ ለረጅም ጊዜ ተመለከተው። ልጅ እግር ሐኪም ነው፤ የመጨረሻ ልጄ እኩያ ቢሆን ነው። እኔ የሄድኩት ደረጃ ስወርድ ወለም ብሎኝ ነበር፤ እሱ ግን አዲሱን ትቶ ሌላ ነገር አገኘ።

"እናቴ፣ እዚህ ቁርጭምጭሚትዎ ላይ የድሮ ስንጥቅ አለ። መቼ ነው የተሰበሩት?"

"የዛሬ ሠላሳ ዓመት ገደማ።"

"በደንብ ነው የገጠመው። ማን ነው ያከመዎት?"

ሳቄ አመለጠኝ። በዚህ ጥያቄ ሁለት ሰዎች ሲከራከሩ ኖረው ሳይስማሙ ነው የሞቱት። ውጭ ተራ የሚጠብቅ ሰው ስለነበረ ለሐኪሙ ታሪኩን አልነገርኩትም፤ "ስድስት ሳምንት እረፍት፣ ሩጫ የሚባል ነገር የለም" የሚለውን ትእዛዙን ተቀብዬ ወጣሁ። እናንተ ግን ተራ የምትጠብቁ አይመስለኝም።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ቡራዩ እንደ ዛሬው በፎቅ አልተሞላችም፤ የአምቦን መንገድ ተከትሎ ግራና ቀኝ እንጨት ቤቱ፣ ብየዳ ቤቱ፣ ብሎኬት ማምረቻው ተደርድሮ፣ ከጀርባው ገና ስንዴ የሚዘራበት ማሳ ነበር። እኔ የምሠራው ሐጂ ኑሩ የሚባሉ ሰው አልጋና ቁም ሳጥን በሚያሠሩበት እንጨት ቤት ነው። የግምጃ ቤቱ ቁልፍ በእኔ እጅ ነበር። ሚስማሩ፣ ኮላው፣ ቫርኒሹ ከእኔ ካልወጣ አናጢዎቹ መዶሻ አያነሱም፤ እኔ አረፈድኩ ማለት ቤቱ በሙሉ አረፈደ ማለት ነው። እኔ ደግሞ ጠዋት ጠዋት እሮጣለሁ።

ሯጭ ነበርኩ ስላችሁ ዋንጫና ሜዳሊያ እንዳይመጣባችሁ። ክለብ የለኝ፣ አሠልጣኝ የለኝ። የነበረኝ ከሳልባጅ ተራ የተገዛ ጫማና ጫልቱ ነበሩ። ጫልቱ የገፈርሳ ገበሬ ልጅ ናት። ማለዳ ወተቷን ለቡራዩ ሻይ ቤቶች አድርሳ፣ ባዶ ጀሪካኖቿን አንዱ ጋ አስቀምጣ ትጠብቀኛለች፤ ከዚያ አስፋልቱን ትተን በባሕር ዛፉ መሐል ወደ ገፈርሳ ግድብ እንሮጣለን። አንዳንዴም የገፈርሳ ልጆች ይቀላቀሉንና ስድስት ሰባት እንሆናለን። በዚያ ጫካ የሚሮጥ ሰው አንድ ሕግ አለው። ተከታትሎ ነው የሚሮጠው። የፊተኛዋ ጉቶ ወይም ጉድጓድ ስታይ እጇን ወደ ኋላ አድርጋ በጣቷ ታሳያለች፤ የኋለኛዋ የፊተኛዋ በረገጠችበት ትረግጣለች። ሕጉን ያወጣው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ የጣሰውን ግን አውቃለሁ።

ለምን እንደምሮጥ ብትጠይቁኝ፣ ቀኔ የሌላ ሰው ስለነበረ ነው። ከሥራ ሰዓት በኋላ ያለው ደግሞ የእናቴና የታናናሾቼ ነው፤ ውኃ መቅዳት አለ፣ ልብስ ማጠብ አለ፣ ጥናት ማስጠናት አለ። ከንጋት እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል ያለችው ጊዜ ብቻ የኔ ነበረች። እወዳት ነበር። ያጨኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ይቀናባት ነበር።

ሐጂ ግን ትዕግሥታቸው አለቀ። ሥራ የሚጀመረው አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ እኔ በልመና ሦስት ሰዓት ላይ እየገባሁ ማታ አካክሳለሁ። እስከዚያው አናጢዎቹ በር ላይ ቆመው ያዛጋሉ። አንድ ቀን ጠሩኝና መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣

"ጥሩወርቅ፣ ውድድር ውድድር ስትይ ዓመት ሞላሽ። አንዱን እንኳ ስትጨርሺ ሰማሁ?" አሉኝ።

አልሰሙም። ሁለት ውድድር ገብቼ ሁለቱንም አቋርጬ ነበር። አንዱን ጉልበቴ አስቆመኝ። ሁለተኛውን ያስቆመኝ ሆዴ ነው፤ ጠዋት የጫልቱን እናት ጭኮ ሳልጠግብ መተው አቅቶኝ ነበር። በገብስ ዱቄትና በቅቤ የታሸ ነገር ሆድ ውስጥ ይዞ መሮጥ ምን እንደሚመስል ያልሞከረ አያውቀውም።

"ኅዳር ላይ ሱሉልታ ውድድር አለ፣ ሐጂ። አሥር ኪሎ ሜትር ነው። እሱን እጨርሳለሁ።"

"ከጨረስሽ ጠዋቱ ያንቺ ነው፤ ሁለተኛ አላነሳብሽም። ካልጨረስሽ ግን አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ቁልፉን ይዘሽ በር ላይ አገኝሻለሁ። ቃል?"

"ቃል።"

መስከረም ሊያልቅ ሲል ነው መዓቱ የመጣው። መሬቱ ገና ከክረምቱ አልደረቀም፤ ሜዳው በአደይ ቢጫ ሆኗል፣ ጫካው የራሰ የባሕር ዛፍ ቅጠል ይሸታል። ጫልቱ ትመራለች፣ እኔ እከተላለሁ። ያን ቀን ሰውነቴ ቀሎኝ ነበር። አካሄዷ አዘገመብኝና ከኋላዋ ወጥቼ በጎን ቀደምኳት። "ቆይ አንቺ፣ ጉቶ አለ!" ስትል ሰምቻለሁ። ሃያ እርምጃ እንኳ አልሄድኩም። ቅጠል የሸፈነው ጉቶ ግራ እግሬን አጠፈውና የደረቀ ጭራሮ ሲሰበር የሚሰማውን ድምፅ ሰማሁ። ጫልቱ አዝላኝ ነው ከጫካው የወጣችው። መንገዱን ሙሉ ስትሰድበኝ ነበር፣ ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በኦሮምኛ፤ ይገባኝ ስለነበር አንዱንም አላስተባበልኩም።

ውድድሩ ስምንት ሳምንት ቀርቶታል። ለሐጂ የቤታችን ደረጃ ጣለኝ አልኳቸው፤ ሩጫው ነው የሰበራት ብለው ቃላቸውን እንዳያጥፉብኝ። ከዚያ አንድ አዋቂ አይበቃኝም ብዬ ሁለት ያዝኩ።

አንደኛዋ የቡራዩ ጤና ጣቢያ ነርስ ሲስተር ሰናይት ናት። ጎበዝና ቁጡ ነበረች። አጥንቱ ሳይሰነጠቅ እንዳልቀረ ነግራኝ፣ በሚለጠጥ ፋሻ ጠቅልላ፣ "ወጌሻ እንዳያሽልሽ! ታሽቶ የመጣ እግር አላይም" አለችኝ። ሁለተኛው የሰበታው ወጌሻ ኦቦ ደበላ ናቸው። በአየር ጤና በኩል ሁለት ታክሲ ቀይሬ ነው የምደርስባቸው። በለጋ ቅቤ አሽተው፣ በሸምበቆ ስንጥር ደግፈው፣ በነጠላ ቅዳጅ አሰሩልኝና፣ "ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ጤና ጣቢያ እንዳትሄጂ። ጀሶ ውስጥ ከከተቱት እግርሽ ደርቆ ይቀራል" አሉኝ።

ለሁለቱም "እሺ" አልኩ። ወደ ሰበታ ስሄድ ታክሲ ውስጥ ፋሻውን ፈትቼ ቦርሳዬ ውስጥ እከታለሁ፤ ወደ ጤና ጣቢያ ስሄድ ሸምበቆውን ፈትቼ ጫልቱ ጋ አስቀምጣለሁ። አንድ ቀን ሲስተር ጎንበስ ብላ አሸተተች።

"ይሄ ቅቤ ቅቤ የሚለው ምንድነው?"

"ምሳ በልቼ ነው የመጣሁት።"

"በእግርሽ ነው የበላሽው?"

እግዜር ይይልኝ፣ በሁሉም ነገር ተጣልተው በአንድ ነገር ብቻ ተስማምተው ነበር። ሁለቱም ሁለት ወር ሙሉ እንዳልሮጥ አስጠንቅቀውኛል። እኔም ከነገሩኝ ሁሉ ያልሰማሁት ያንን ብቻ ነው። ሦስት ሳምንት ጠዋቴን ተኛሁበት፤ በአራተኛው መራመድ፣ በአምስተኛው ሶምሶማ ጀመርኩ። ጫልቱ ሁልጊዜ ፊት ትሮጣለች፣ እኔ እሷ በረገጠችበት እረግጣለሁ። ሁለተኛ ከሰልፍ አልወጣሁም።

የውድድሩ ዕለት እሑድ ነበር። ጎህ ሲቀድ የእንጦጦን ዳገት በሚኒባስ ወጥተን ወደ ሱሉልታ ወረድን። የኅዳር ብርድ ሜዳው ላይ ተኝቷል፣ የታጨደው ድርቆሽ በየቦታው ተከምሮ አገሩ በሙሉ ይሸታል። ጭኮውን ጫልቱ ራሷ ደበቀችብኝ። እስከ አምስተኛው ኪሎ ሜትር በደንብ ሄድኩ። መዞሪያው ላይ ስታጠፍ እግሬ ነገረኝ። ሰባተኛው ላይ ሩጫው መራመድ ሆነ፣ ስምንተኛው ላይ መራመዱ ማነከስ ሆነ። ነፋሱ ፊት ለፊት ነው። ሰው ሁሉ አልፎኝ ሄደና መንገዱ ላይ እኔና ከኋላ የቀረውን የምትለቅመው ፒክአፕ ብቻ ቀረን።

"እህቴ፣ ሰው ሁሉ ጨርሷል። ውጪና እንሂድ" አለኝ ሾፌሩ በመስኮት።

"ጠዋቴን ብትሰጠኝ እወጣ ነበር።"

"ምንሽን?"

"ሂድ ግዴለም።"

አልሄደም፤ እስከ መጨረሻው ከጎኔ በቀስታ ነዳ። ያኔ አለቀስኩ፣ አልደብቃችሁም። ያስለቀሰኝ ግን ሕመሙ አይደለም። በር ላይ የሚያዛጉት አናጢዎች፣ በእጄ ያለው ቁልፍ፣ ያለ እኔ የሚነጋው ገፈርሳ ነው የታየኝ። ስደርስ ገመዱ ተጠቅልሏል፣ የጨረሰ ሰው ካርድ የሚሰጥበት ጠረጴዛ ታጥፎ መኪና ላይ ተጭኗል። በኖራ የተሠመረው መስመር ግን አስፋልቱ ላይ ነበር። ተሻገርኩት። ጫልቱ ብቻ "ጀባዱ! በርቺ!" እያለች ታጨበጭባለች።

ከዚያ ቀና ስል ሁለት ሰዎች ከሁለት አቅጣጫ ሲመጡብኝ አየሁ። ሲስተር ሰናይት ለመጀመሪያ እርዳታ ተመድባ መጥታለች። ኦቦ ደበላ የሰበታ ቡድን ወጌሻ ሆነው መጥተዋል። ሁለቱም ከሩቅ አነካከሴን አይተው ነው፤ ሁለቱም እኩል ጎንበስ ብለው አንድ እግር ያዙ።

"ይቅርታ አባባ፣ የኔ ታካሚ ናት" አለች ሲስተር።

"ማን? እኔ አይደለሁ እንዴ የጠገንኳት?" አሉ ኦቦ ደበላ።

ቀና ብለው እኔን አዩኝ። ከጉቶው የበለጠ ያመመኝ ያ አስተያየት ነው። ተራ በተራ ወረዱብኝ፤ እኔም አንገቴን ደፍቼ ተቀበልኩ።

ሰኞ ሐጂ "ካርድሽስ?" አሉኝ። የለኝም። ስደርስ ጠረጴዛው ታጥፎ ነበር አልኳቸው። ጫልቱ ወተቷን ጥላ መጥታ ማለችልኝ። ሐጂ በትሕትና ሰሟትና ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ጓደኛዋ ነሽ ልጄ። ለጓደኛው የማይመሰክር ማን አለ? በእኛ አገር ትዳሩም መሬቱም በሁለት ምስክር ነው። ሁለት ባዕድ አምጪ፣ ጥሩወርቅ፣ አምናለሁ።"

በዓለም ላይ የነበሩኝ ምስክሮች እነዚያ የዋሸኋቸው ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ሲስተርን ለማሳመን ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ሰበታ ሄጄ ኦቦ ደበላ በር ላይ ስቆም ጀርባቸውን ሰጡኝ። "አታለልሽኝ" አሉ። ከበሩ ግን አልተንቀሳቀስኩም። ኋላ ዞሩ። "እኛ ዘንድ እውነት ትቀጥናለች እንጂ አትሰበርም ይባላል። መስመሩን ስትሻገሪ አይቻለሁ። እመጣለሁ።"

ዓርብ ከሰዓት እንጨት ቤቱ ቆመ። አናጢዎቹ በሙሉ መሣሪያቸውን አስቀምጠው ከበቡ። ሲስተር ቀደመች፤ "እንዳትሮጥ ከልክያት ነበር፣ ዋሽታኛለች። ግን ጨርሳለች፣ በዓይኔ አይቻለሁ" አለች። ኦቦ ደበላ ቀጠሉ፤ "እኔም ከልክያት ነበር፣ እኔንም ዋሽታኛለች። ግን ጨርሳለች።"

ሐጂ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት። ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

"እንዲህ የሚረግማት ሰው ከመሰከረላትማ ምን እላለሁ! ጠዋቱ ያንቺ ነው። ግን ለሁለት ወር ትተኚበታለሽ፤ አለበለዚያ እነዚህ ሁለቱ እኔን ይገርፉኛል።"

ሁለት ወር ተኛሁበት። ከዚያ ወዲህ ግን ጠዋቴን የወሰደብኝ የለም። አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ሥራ ቀየርኩ፣ ውድድርም ከሃያ በላይ ጨረስኩ፤ አንዱንም አላሸነፍኩም፣ አንዱንም አላቋረጥኩም። ሲስተርና ኦቦ ደበላ በተገናኙ ቁጥር ያቺን እግር ማን እንደጠገናት ይከራከሩ ነበር። እኔ ለሁለቱም "እርስዎ" እያልኩ አለፍኩ፤ ውሸቱ ያኔም አልለቀቀኝም ማለት ነው።

ዛሬ ጠዋት ገፈርሳ ሄድኩ። በእርምጃ ነው፣ ሐኪሙ እንዳለው። ጫልቱ እንደ ወትሮዋ ቀድማኝ ደርሳ ጉቶ ላይ ተቀምጣለች፤ ሁለታችንም ሸብተናል። ፋሻውን አየችና ጣቷን ቀሰረችብኝ።

"ሂን ፊጊን! ሐኪሙ ስድስት ሳምንት ካለሽ ስድስት ሳምንት ነው። አትሮጪም።"

እሺ ብዬ ተነሣሁ። እሷ ፊት፣ እኔ ኋላ ሆነን በረገጠችበት እየረገጥኩ ወደ ግድቡ አዘገምን። ውኃው ላይ ፀሐይ እየወጣ ነበር፤ ደስ አለኝ። በልቤ ግን እቆጥራለሁ። ያኔ ሁለት ሰው ከልክሎኝ ያልሰማሁ ሴት ነኝ፤ አሁን የከለከለኝ አንድ ሐኪም ብቻ ነው። ጫልቱን እንዳልቆጥራት ደግሞ ሐጂ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ የጓደኛ ምስክርነት አይያዝም ብለውኛል።