የባሕር ማዶው ደረሰኝ

ፈረንጅ አገር እየተማርኩ እዚያው በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት እሠራ ነበር። ለእረፍት ወደ ትውልድ መንደሬ ዘመሮ ስመጣ የገቢ ግብሬን ያሳወቅሁበት ወረቀት ከመጽሐፎቼ መሀል ወጣ።

አባቴ ማኅተሙን አይተው፣ የግብር ወረቀት መሆኑን ስነግራቸው፣ «ስንት ጥማድ ሰጡህ?» አሉ።

«መሬት የለኝም አባዬ፤ የምከፍለው ከደመወዜ ነው።»

«መሬት ሳይሰጥ ግብር የሚቀበል መንግሥት የት አለ? ሞኝህን ፈልግ!»

ወረቀቱን ከራሳቸው የግብር ደረሰኞች ጋር ሣጥን ውስጥ ቆለፉበት።

በሳምንቱ ቀበሌው መሬት ሲያከፋፍል የእኔም ስም ተነበበ። አባቴ በኩራት ብድግ ብለው «ልጄ ባሕር ማዶም ግብር ይከፍላል» እያሉ ወረቀቱን አሳዩ። ሊቀመንበሩ ገልበጥ ገልበጥ አደረገውና፣ «በሁለት አገር መሬት መያዝ ክልክል ነው» ብሎ ስሜን ሰረዘው። ላስረዳ እጄን ሳወጣ «ተራህ አልፏል» ተባልኩ።

ስንመለስ አባቴ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ «አይዞህ፤ ደረሰኙ እጃችን ላይ እስካለ ያንኛውን መሬት ማንም አይነጥቅህም» አሉኝ።