የነሐሱ ምትክ

ሰፈሩ ሁሉ «መቶ አለቃ» ይለዋል። ጠመንጃ ይዞ አያውቅም። ሥራው የተቃጠለ ሞተር መጠምጠም ነው። የመዳብ ሽቦ ሲጠመጥም ድምፁን አውጥቶ ይቆጥራል፤ መቶ ላይ ሲደርስ ቀይ ክር ያስርና እንደገና ከአንድ ይጀምራል። በዚያ መሃል የእግዜር ሰላምታ እንኳ አይመልስም።

«ምነው፣ ሻምበል ሳትባል ጡረታ ልትወጣ ነው?» ይሉታል ከጎኑ ያሉት በያጆች።

ሠላሳ አራት ዓመት ቆጥሯል። ማራገቢያው፣ የውሃ ፓምፑ፣ የልብስ ማጠቢያው፣ የበር ደወሉ ለእሱ ሁሉም አንድ ናቸው። በተጠመጠመው ሽቦ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ መሃል ያለው ብረት ማግኔት ይሆናል፤ ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ማግኔትነቱ ይለቀዋል። «ሌላው ሁሉ ጌጥ ነው» ይላል።

የሚስቱ ታናሽ ወንድም በአንድ የወረቀት መጋዘን የዕቃ ሊፍት ይነዳል። እናታቸው ስትሞት የሰባት ዓመት ልጅ ነበርና ያሳደገችው እህቱ ናት። የሊፍቱ ፍሬን ኮይል፣ ማለትም የሽቦው ጥምጥም፣ ሲቃጠል «እኛ ቤት ሰው አለ» ብሎ ሥራውን ለመቶ አለቃ ያመጣለት እሱ ነው።

የሊፍት ፍሬን ሰው እንደሚገምተው አይደለም። ጠንካራ ሞላ ሁልጊዜ ጨብጦ ይይዘዋል። ነጂው ቁልፉን ሲጫን ማግኔቱ አንድ የብረት ሳህን ስቦ ሞላውን ያሸንፋል፤ ፍሬኑ ይለቃል፣ ሊፍቱ ይንቀሳቀሳል። ነጂው ጣቱን ሲያነሳ ወይም መብራት ሲጠፋ ማግኔቱ ሳህኑን ይለቅና ሞላው መልሶ ይጨብጣል። መብራት ቢጠፋም ማንም እንዳይወድቅ ተብሎ የተሠራ ነው።

መቶ አለቃ ኮይሉን አንድም ዙር ሳያጓድል ጠመጠመ። በማግኔቱና በሳህኑ መካከል እንደ ጥፍር የሳሳች የነሐስ ሉህ ነበረች፤ ሲፈታት ተቀደደች። ብረት ከብረት ሲጋጭ እንዳይጮህ የተደረገች መስላው ነበር። ነሐስ በእጁ ስላልነበረ ከቀለም ጣሳ ክዳን ላይ በልኳ ቆረጠ። ውፍረቱን ሁለት ጊዜ ለካ። ጠረጴዛ ላይ ሞከረው፤ ሳበ፣ ለቀቀ። አስረከበ።

በሦስት ሳምንቱ፣ ሰኞ ጠዋት፣ ሊፍቱ ወረቀት እንደተሸከመ ከሦስተኛ ፎቅ ተወርውሮ ወረደ። ነጂው ከሊፍቱ ውጭ፣ መቆሚያው ላይ፣ ጣቱን ከቁልፉ አንስቶ ነበር። ከታች ሊፍቱ የሚያርፍበት ቦታ የቀረ ጋሪ ለማውጣት ያጎነበሰ ጫኝ ነበር። ሞተ።

ፖሊሶች ሲደርሱ ፍሬኑ ጨብጦ ተገኘ፤ ምንም አልጎደለውም። በነጂው መቆሚያ አጠገብ ግን ፍሬኑን በእጅ የሚለቅ ዘንግ አለ። ሥራ ለማፍጠን ዘንጉን ስቦታል ተባለና ነጂው ታሰረ።

በነጋታው መርማሪው መቶ አለቃን ጠርቶ ፍሬኑን አስፈታው። መቶ አለቃ የቆርቆሮዋን ሉህ ሲያወጣት ሃያ አንድ ቀን ስትደበደብ ቀለሟ ተልጦ ታበራለች። ያኔ ገባው። ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ብረት ማግኔትነቱን ጨርሶ አይተፋም፤ ጥቂት ይቀርበታል። ማግኔት የማይዘው ነሐስ መሃል ገብቶ ብረትና ብረትን ካራራቀ ያ ጥቂት አቅም የለውም። እሱ ግን በነሐሱ ቦታ ሌላ ብረት አስገባ። ለሦስት ሳምንት ያራራቃቸው ቀለሙ ነበር። ቀለሙ ሲያልቅ ሳህኑ ተጣብቆ ቀረ፤ ያላቀቀው ሊፍቱ መሬት ሲመታ የተነሳው ንውጥውጥታ ነው።

«ኮይሉ እንዴት ነው፣ አባት? ደህና አገኙት?» አለ መርማሪው።

«ደህና ነው።»

አልዋሸም። የተጠየቀውን መለሰ። ቆርቆሮውን ኪሱ ከተተ።

ማታ ሚስቱ እራት ሳታቀርብ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«አንተ ሰውዬ፣ ዕቃውን የፈታኸው አንተ ነህ። ወንድሜ ዘንጉን ስቧል?»

«እኔ ያየሁት ኮይል ነው።»

«ኮይልህን ድፍት ያርገው! እኔ የጠየቅኩህ ስለ ሰው ነው።»

ዝም አይነቅዝም ይባላል። ማስረጃ ካጡ ይለቁታል ብሎ አሰበ። በስድሳ አንድ ዓመቱ ማን እስር ቤት ይገባል? ሱቁ ይዘጋል፣ ስሙ ይጠፋል። በየቀኑ ሥራ ገባ፣ ቆጠረ። ሰባ ላይ እየጠፋበት ከአንድ ጀመረ። በያጆቹ መቀለድ ትተው ነበር።

በአሥራ አንደኛው ቀን ሚስቱ ከጣቢያ ተመለሰች። ነጠላዋን ሳታወልቅ በር ላይ ቆመች።

«ከስቷል። ‹እታለም፣ ምናልባት ስቤው ይሆናል› አለኝ። እስኪያምንበት ድረስ ጠየቁት።»

«አልሳበውም!»

«አንተ በምን አወቅህ?»

ቆርቆሮውን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ፤ ከዚያ ሁሉንም ነገራት። አላለቀሰችም።

«መቼ ነው ያወቅኸው?»

«ያን ዕለት። ፍሬኑን የፈታሁ ዕለት።»

«ተነስ» አለች።

ሚስቱ አጠገቡ ቆማ፣ መርማሪው ጠረጴዛ ላይ መቶ አለቃ ከሱቁ ያመጣውን ባትሪ፣ ኮይል የተጠመጠመበት ብረትና ትንሽ ሳህን ደረደረ። መጀመሪያ መሃሉ ላይ ነሐስ አደረገ። ሽቦውን አገናኘ፤ ሳህኑ ተሳበ። ሽቦውን ነቀለ፤ ሳህኑ ወደቀ። ቀጥሎ ቆርቆሮውን አደረገና አገናኘ፤ ነቀለ። ሳህኑ ተንጠልጥሎ ቀረ። መርማሪው ሽቦው በእውነት መነቀሉን ጎንበስ ብሎ አየ።

«ምን ይዞት ነው?»

«ብረቱ ራሱ። ሙሉ በሙሉ አይለቅም።»

«ቆርቆሮውን ማን አስገባው?»

«እኔ።»

«ከፍሬኑ ውስጥስ ማን አወጣው?»

«እኔ።»

«አባት» መባሉ እዚያ ላይ አበቃ። «አንተ ስማ፣» አለ መርማሪው፣ «ልጁ ትናንት ‹ዘንጉን ስቤያለሁ› ብሎ ፈርሟል። ፋይሉ ዛሬ ጠዋት ፍርድ ቤት ሄዷል።»

«አላደረገማ! እያየኸው!»

«አየሁ። ዳኛውም ሲያይ ይወስናል። እስከዚያ አንተም ልጁም እዚህ ናችሁ። ትናንትና መጥተህ ቢሆን እኔው እፈታው ነበር።»

ሚስቱ ከእግር እስከ ራሱ አየችው። «ትናንትና!» አለች።

የእስር ክፍሉ ውስጥ አሥራ አራት ሰው ነበር። ነጂው ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። መቶ አለቃን ሲያይ ሊጠይቀው የመጣ መስሎት ፊቱ በራ።

«ጋሼ! አስገቡህ እንዴ? ምን አሉህ?»

መቶ አለቃ ቆሞ ነገረው። ማሳጠር አልቻለም፤ ስለ ነሐሱም፣ ስለ ቀለሙም፣ ስለ ኪሱም ነገረው። ነጂው እስከ መጨረሻው አዳመጠ።

«ስለዚህ አልሳብኩትም።»

«አልሳብከውም።»

«እኔ እኮ፣ ጋሼ፣ መሳቤ ትዝ ሊለኝ ጀምሮ ነበር። የዘንጉ ቅዝቃዜ ሁሉ። ሰውየውን በሕልሜ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።»

መቶ አለቃ አጠገቡ ሊቀመጥ ጎንበስ አለ። ነጂው እግሩን ዘርግቶ ቦታውን ያዘው።

በማግሥቱ ጠዋት ሚስቱ ብርድ ልብስና ምግብ ይዛ መጣች። ጠባቂው በሩ ላይ «ለማን?» ሲላት ድምፅዋ እስከ ውስጥ ተሰማ።

«ለወንድሜ።»