ያልተስማማንበት ሞተር

ቤንዚን ሲሸተኝ እናደዳለሁ። ሰው ደስ የሚል ሽታ ነው ይላል፤ ይበል። እኔን ግን፣ በተለይ እርጥብ የጀልባ ሸራ ሽታ ከተቀላቀለበት፣ ወስዶ ግሽ አባይ ሰፈር ባለው ግቢያችን ውስጥ ዋንዛው ሥር ያቆመኛል፤ ወንድሜንም እንደገና ስገላምጠው እገኛለሁ።

መኪናዋ የአሜሪካ ሥሪት ናት፤ ሁለት በር፣ ረጅም አፍንጫ፣ ባለ ስምንት ሲሊንደር። አባቴ ሐይቅ ዳር የጀልባ ሞተር ይጠግኑ ነበር፤ መኪናዋን ድሮ አንድ የውጭ ሰው አገር ለቆ ሲሄድ ነው ትቶላቸው የሄደው። ቀይ ነበረች ይላሉ። እኛ ያደግነው ግን በሸራ ተሸፍና፣ የኋላ ወንበሯ ላይ ዶሮ እንቁላል ሲጥል እያየን ነው።

ጠባችን የጀመረው የወንድሜ ጀልባ ሞተሩ ነክሶ አልዞርም ያለ ጊዜ ነው። ሰው ጭኖ ወደ ጎርጎራ ሲሄድ መሐል ሐይቅ ላይ ቆመበትና በሌላ ጀልባ ተጎትቶ ወጣ። በማግሥቱ መጥቶ የመኪናዋን ሞተር ላውርድና ለጀልባዬ ላድርገው አለ። "እኔ ሰው አመላልስበታለሁ። እዚህ ዶሮ ነው የሚያድርበት።" እኔ ቆሜ እያየሁ አይሆንም አልሁ። ያኔ ኮሌጅ ጨርሼ ከአባቴ ጋር እሠራ ነበር፤ እጃቸው መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ የብሎን መፍቻ ቺያቬውን የምይዘው እኔ ነበርሁ። ሐኪሙ ልባቸው ደክሟል፣ ብዙ አትጠብቁ ብሎናል። የሚመኙት ደግሞ አንድ ነገር ነበር፤ የዚያችን መኪና ድምፅ አንዴ ሰምተው መሞት። ወንድሜ ይህን እያወቀ ስለ ጀልባው ያወራል። ተናገርሁት፣ ተናገረኝ፤ የሞተችውን እናታችንን ሳይቀር አነሳን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተኮራረፍን።

አባቴ ፈረዱ። "አብራችሁ አድሱት። ድምፁን ከሰማሁ በኋላ የት እንደሚሄድ ይወሰናል።"

እንግዲህ ኩርፊያ በእኛ ቤት ሕግ አለው። የተኮራረፈ ሰው አብሮ ይበላል፣ አብሮም ይሠራል፤ ቃል ግን በቀጥታ አይለዋወጥም፣ በመሐል ሰው ነው። የእኛ መሐል ሰው አባታችን ሆኑ። ዋንዛው ሥር ወንበር አስወጥተው ተቀመጡ።

"አባባ፣ ካቻቪቴውን እንዲያቀብለኝ ይንገሩት" እላለሁ። ወንድሜ እኮ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ነው የቆመው።

አባቴ ጉሮሯቸውን ይጠርጉና "ካቻቪቴውን አቀብላት" ይሉታል።

"ዓይን የላትም ወይ? እግሯ ሥር ነው ይበሏት።"

"እግርሽ ሥር ነው" ይሉኛል። የዓይኑን ነገር ይተዉታል። ስድባችንን እንደ ዱቄት ነፍተው ነበር የሚያደርሱት።

ሞተሩ ወረደ። ስምንቱ ሲሊንደር ለሁለት የተከፈለ ነው፤ ግራው አራት የእኔ፣ ቀኙ አራት የእሱ ሆነ። የራሴን ፒስተኖች በነጭ ጋዝ አጠብሁ፣ ፋሻ የሚባለውን የዙሪያ ቀለበታቸውን ቀየርሁ፣ የእሱን ወገን ቀና ብዬ አላየሁም። አባቴ "ሁለታችሁም የምታዞሩት አንድ ዘንግ ነው" ይላሉ። ምክር መሆኑ ገብቶን ወደየወገናችን አጎነበስን። ወንድሜ ለራዲያተሩ በጀሪካን የሐይቅ ውሃ ቀድቶ የመጣ ዕለት ግን ዝም አላልሁም። ደለል ነው፣ ይደፍነዋል ብዬ አስነገርሁ። "ጀልባዬ ዕድሜ ልኩን የጠጣው ይህንኑ ነው ይበሏት።" "ለዚያ ነዋ የነከሰው ይበሉት።" አባቴ ይህችን ሳያደርሱ ቀሩ፤ ጆሮው ግን አድርሶለታል፤ ጀሪካኑን እንደ ያዘ ወጣና እስከ ማታ አልተመለሰም።

የመኪናዋን ወለል ላሜራ ዝገት ጨርሶት ነበር። ወንድሜ ከጀልባ የተረፈ ላሜራ አምጥቶ ቆረጠና በየዳው፤ ስፌቱ የት እንደ ሆነ በእጄ ዳስሼ አጣሁት። አባቴ "ምን ልበለው?" አሉኝ። "ምንም አይበሉት።" ዞር ብለው "ጥሩ ነው ትላለች" አሉት። ያን ቀን በሳቸውም ተናድጄ ዋልሁ።

ሞተሩ ቦታው ተመልሶ ገባ፤ የማስነሻው ቀን ክረምቱ ሊገባ ሲል ነበር። ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ዝናብ ዝናብ ይሸታል። አባቴ ደክመዋል፤ በጋቢ ጠቅልለን ወንበራቸው ላይ አስቀመጥናቸው። "ቢስሚላህ በሉና አስነሱት" አሉ። ወንድሜ ገብቶ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ሁለት ጊዜ ተኮሰና ጥቁር ጭስ ተፋ። ጎረቤት ጥይት መስሎት በሩን ዘጋ፤ ጊዜው የሚታወቅ ነው።

ኮፈኑ ውስጥ አንገቴን አስገባሁና ገባኝ። ከየሲሊንደሩ እሳት ሰጪ ካንዴላ ጋር የሚገናኙትን ገመዶች እኔ ከፊት ቆጥሬ ነበር ያሰርኋቸው፣ እሱ ከኋላ። ጀልባ ላይ ሰው ሞተሩን ከኋላ ስለሚያየው እሱም ከኋላ ነው የሚቆጥረው። አንድ ቃል ብንጠያየቅ ስሕተቱ አይመጣም ነበር። ወደ አባቴ ዞሬ "ገመዱን ከፊት እንዲቆጥር ይንገሩት" አልሁ። አባቴ አፋቸውን ከፈቱ። ትንፋሽ ብቻ ወጣ። እጃቸውን ሊያነሱ ሞከሩና መልሰው ጭናቸው ላይ ጣሉት። እኔ ጠበቅሁ። እሱም መሪውን እንደ ያዘ ጠበቀ። ልሙት እንጂ አላናግረውም ብዬ ነበር፤ ያቺ እጅ ጭናቸው ላይ ስትወድቅ ግን አስፈራችኝ።

"ከፊት ነው የሚቆጠረው" አልሁት።

አየኝ። "ከየትኛው ፊት?"

"ከራዲያተሩ በኩል።"

ወርዶ የራሱን አራት ፈታና እንደገና አሰረ። "አሁን አስነሳ" አልሁት። ተነሳች። ድምፁን በጆሮዬ ብቻ አይደለም፣ በእግሬ ነው የሰማሁት፤ ወንበሩ ሥር ያለው አፈር ሳይቀር ይንቀጠቀጥ ነበር። አባቴ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። ወንድሜ ሲያጠፋው ድምፃቸው እንደ ምንም ተመለሰ።

"ታዲያ እኔ ከእንግዲህ ምን ልሠራ ነው?" አሉ። እየሳቁ ነበር።

ማታውኑ ስለ ሞተሩ ጠየቅኋቸው። "ተነጋግራችሁ ወስኑ" አሉኝ። ከሳምንት በላይ አልቆዩልንም።

ወንድሜ በአባቴ ሰደቃ ዕለት፣ ገና እንግዳ ሳይነሳ፣ የሞተሩን ነገር ለአንድ ሽማግሌ አነሳ። ለእኔ አይደለም፣ ለሽማግሌው። እንደገና ተኮራረፍን፤ ልቤ ዛሬም አልበረደም። መነጋገር የለም፣ ስለዚህ ውሳኔም የለም፤ ሞተሩ እስከ ዛሬ መኪናዋ ውስጥ ነው። ለጀልባው ሌላ አገኘ። ግን ቆሞ እንዳይነክስ ብሎ አልፎ አልፎ መጥቶ ያስነሳታል። እኔም በሩን አልዘጋበትም።

ባለፈው ከጁምዓ ሶላት ሲመለስ መጣ። ቁልፉን አዞረ፤ ጠቅ ብላ ዝም አለች። ወርዶ እጁን በጨርቅ ጠራረገና ዋንዛው ሥር ወዳለው ባዶ ወንበር ዞረ።

"ባትሪው ደክሟል ይበሏት" አለ።

የዚያን ሰው ድፍረት። ትቼው ልገባ ነበር። ግን እኔም ወደ ወንበሩ ዞርሁና "ነገ አስሞላዋለሁ ይበሉት" አልሁ።

ከዚያ መልእክቱ እስኪደርስ ሁለታችንም ትንሽ ጠበቅን።