የእትዬ አስካለች እግር

እትዬ አስካለች ዕድሜያቸውን የገፉት ቆመው ነው። ቃሊቲ ካለ የክር ፋብሪካ ገና በአፍላነታቸው ገብተው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ፣ ክር በተበጠሰ ቁጥር ከማሽን ማሽን ሲመላለሱ ይውሉ ነበር። ባላቸው ቀድሞ ሞተ። አንዲት ልጃቸውን እየሩሳሌምን በእነዚያው እግሮች አሳደጉ። ከጡረታ በኋላም ቁጭ የሚሉ ሰው አልነበሩም። «ሰው የሚያረጀው ሲቀመጥ ነው» ይሉ ነበር፤ እውነታቸውን ነበር።

ባለፈው ክረምት የግቢው ጭቃ አንሸራተታቸውና ዳሌያቸው ተሰበረ። ሐኪሞቹ በብረት ገጠሙት። የሆስፒታሉ ፊዚዮቴራፒስት ነቢዩ ሲሸኛቸው ዎከር የሚሉትን ባለ አራት እግር የብረት መደገፊያ አስጨብጦ፣ «እማማ፣ ቢያምዎትም በየቀኑ ይራመዱ። ከተኙ እግርዎ ይቀራል» አላቸው። እሳቸው የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ግቢው ጥግ ያለው የጋራ ሽንት ቤት በራሳቸው እግር ደርሰው መመለስ። ሌላው ሁሉ ይቅርብኝ ብለዋል።

ጀመሩትም። ጥርሳቸውን ነክሰው መጀመሪያ እስከ በሩ፣ ሰንበት ሲል እስከ ቧንቧው ደረሱ። ታዲያ የእኛ ሰው የታመመ መጠየቅ ይችልበታል፤ ክፋቱ፣ የታመመውን ተኝቶ ካላገኘው ቅር ይለዋል። አንድ እሁድ የዕድር ሴቶች ብርቱካን ይዘው ሲገቡ፣ እትዬ አስካለች ላብ በላብ ሆነው ግቢው መሀል ቆመዋል። እየሩሳሌም ባዶ እጇን ከኋላቸው ትከተላለች። ሴቶቹ ክው አሉ።

«ምነው ልጄ፣ የሚያነሳ የሚያስቀምጥ ጠፍቶ ነው?» አለች አንዷ። ሌሎቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። ይሄ ከንፈር መምጠጥ የሚሉት ነገር ስንቱን ቤት እንዳጠፋ አንድዬ ይወቀው።

እየሩሳሌም መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ከዚያን ቀን ጀምሮ እናቷን ከአልጋ አላወረደቻቸውም። ፖፖ ገዛች፣ በእጇ አጎረሰች፣ ዎከሩን አልጋ ሥር ከተተችው።

«ልሞክር እንጂ ልጄ» ይላሉ እናትየው።

«እማዬ አትነሺ፣ እኔ እያለሁልሽ። ሰው ምን ይለኛል? ዕድሜሽን ሙሉ ቆመሽ አሳደግሽኝ፣ አሁን እንኳ ዕረፊ።»

ክፉ ልጅ ቢሆን ይጣሉታል፤ የሚወድን ልጅ በምን ይጣሉታል? እትዬ አስካለች እግራቸውን መልሰው ብርድ ልብሱ ውስጥ ከተቱ። መጀመሪያ ሰሞን ፖፖው በመጣ ቁጥር ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞሩ ነበር። እያደር ማፈሩም ቀረ። ያስለቀሳቸው እሱ ነው፤ ማፈር መተዋቸው።

ከወራት በኋላ፣ በቀጠሯቸው ቀን ነቢዩ ጉልበታቸውን ሊያጥፍ ሞከረ፤ እምቢ አለው። ጭናቸው ሟሙቶ ቆዳው ብቻ ቀርቷል። ደግፎ ሊያቆማቸው ሲል እግራቸው ከዳቸው፤ መልሶ አስቀመጣቸው።

«አልተራመዱም እንዴ? ማነው አይነሱ ያላቸው?» ብሎ ወደ እየሩሳሌም ዞረ።

ለካ ልጅቷ ያን ጊዜ ነው የገባት። ፊቷ አመድ መሰለ። አፏን ልትከፍት ስትል እናትየው ቀደሟት።

«እኔው ነኝ የኔ ልጅ። እሷማ ተነሺ እያለች ስትነዘንዘኝ ነበር። ስንፍና ነው» አሉ፣ በሕይወታቸው ሰነፍ ተብለው የማያውቁት ሴት።

ነቢዩ ተናደደ፤ ግን አሮጊት ላይ ምን ይባላል። «ዘገየ እማማ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከእንግዲህ ለመራመድ አይደለም የምንለፋው። ገላዎ እንዳይቆስል እያገላበጡ ማስተኛት ነው።»

በባጃጅ ተመለሱ። እየሩሳሌም እንደ ሕፃን አቅፋ ስታወርዳቸው እንባዋ አንገታቸው ላይ ይንጠባጠባል። ሁለት የዕድር ሴቶች በር ላይ ቆመው ያያሉ።

«እንዲህ ነው እንጂ ልጅ» አለች አንደኛዋ። «እንደ እየሩስ ያለ ለሁላችንም ይስጠን።»

ልጅቷ ፊቷን ከሴቶቹ አዞረች። እትዬ አስካለች አንገቷን ጠበቅ አድርገው ያዙና «አሜን» አሉ።