ገብስ በሊታውና ትል በሊታው

በደርግ ጊዜ የገበሬ ማህበራችን ሊቀመንበር የነበረው ሰይድ በስብሰባ መሃል አዋረደኝ። የወፍ ጎጆ ሁሉ ይፍረስ ሲል፣ «ሁለት ዓይነት ናቸው፤ የገብስ በሊታውን አፍርስ፣ የትል በሊታውን ተው!» አልኩት።

«እትዬ ዘሃራ፣ ወፍ ያው ወፍ ነው። ዓይንዎን ይታከሙ!» ሰው ሁሉ ሳቀ።

የኔን ዓይን! ስንት ዘመን ማማ ላይ ወንጭፍ ይዤ ማሳ የጠበቅሁትን!

በንዴት ከቁጥቋጦው ሥር ተደብቄ የሁለቱን ዓይነት ወፍ ጎጆ ስጠብቅ ዋልኩ። መልካቸው አንድ ነው፤ የገብስ በሊታው መንቆር ብቻ ወፈር ይላል። ያ ሞጭላፋ ገብስ በሊታ መጣ፣ ትል ይዞ! ጫጩቶቹን አጉርሶ ሄደ፤ ደግሞም ትል ይዞ ተመለሰ። ያ ረቢ! ለራሱ ገብስ፣ ለልጆቹ ትል። ስንቱን የልጆች እናት በወንጭፍ ጥዬ ይሆን?

በማግስቱ ማልጄ ሰይድ ደጅ ቆምኩና ጎረቤት እየሰማ፣ «እኔም ተሳስቻለሁ፣ አንተ ግን ትብሳለህ። ገብስ በሊታውም ለልጆቹ ከማሳችን ትል ይለቅማል። የሁለቱንም ጎጆ እንዳትነካ!» አልኩት።